የሕዝቅያስ ዓሦች

ዩለስ፣ ቴክሳስ
ኖቬምበር 5 ቀን 2023

ለተከበሩ እትዬ አባይነሽ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ይዞልኝ የመጣው ይርጉ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ከባለቤቴ ከፅዮን ጋር የሚሠራ ልጅ ነው። ሻንጣው ውስጥ ከእናቱ በርበሬ ጋር አኑሮት ስለነበር ወረቀቱ እስካሁን ያስነጥሳል፤ ይህን የምጽፍልዎም እያስነጠስኩ ነው። ለመመለስ ይህን ያህል በመዘግየቴ ይቅር ይበሉኝ። እዚያ ኢንተርኔቱ ከተዘጋ ወዲህ በስልክ "ሃሎ፣ ሃሎ" ብቻ ተባብለን ስለምንዘጋ ደብዳቤ ይሻላል ያሉት እውነትዎን ነው። ብዕር ከያዝኩ ግን ብዙ ዘመኔ ነው፤ የትኛው "ጸ" የት እንደሚገባ ጠፍቶብኛልና እንደ ድሮው በቀይ እንዳያርሙኝ።

ፅዮን "አሻግሬ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሰው መብራት እንዲያጠፋ ሲለምን ይውላል" ብላዎት ኖሮ፣ "ያ ሁሉ ትምህርት ለዚህ ነው ወይ?" ብለው ጠይቀውኛል። ሥራዬ አልተለወጠም። እዚያው ባዮሎጂ ክፍል የቤተ ሙከራ፣ እኛ ላብ የምንለው፣ ኃላፊ ነኝ፤ ዕቃ አዛለሁ፣ የተበላሸ አስጠግናለሁ፣ አዲስ ተማሪ አለማምዳለሁ። እዚህ በጋው በእናንተ ክረምት ነው። ዘንድሮ ሙቀቱ አላስቀምጥ ሲል "ኤሌክትሪክ ቆጥቡ" የሚል መልእክት በየስልካችን ይመጣ ጀመር። የክፍሉ አለቃ ያን ሰሞን ጠርታ፣ ከግቢው ሁሉ ብዙ ኤሌክትሪክ የሚበሉት የሳይንስ ላቦች መሆናቸውን ነገረችኝና፣ ሰዎቹን እንዳሳምን አደራ ሰጠችኝ።

አልሰሙኝም። ከመርዛም ጋዝ ጋር የምንሠራበት ባለመስታወት ሣጥን አለ፤ ሁድ እንለዋለን። መስታወቱ ክፍት ከዋለ በኤሲ የቀዘቀዘውን አየር ሁሉ እየሳበ በጣሪያ ያስወጣዋል። ውጭው ምድጃ ነው፤ እኛ ቀዝቃዛ አየር ለቴክሳስ ሰማይ እንለግሳለን። በየሁዱ ላይ "እባካችሁ ዝጉኝ" የሚል ቢጫ ወረቀት ለጠፍኩ። አንዱ ተማሪ የስልክ ቁጥር ጻፈበት።

ወረቀቱን ስለጥፍ የሐይቁ ዳር ቤተ ሙከራችን ትዝ ይለኛል። መብራት ሲጠፋ ሁላችንም በረንዳ እንወጣ ነበር። ዶክተር ሕዝቅያስ ነፍሳቸውን ይማርና ደረጃው ላይ ተቀምጠው ዓሦቹ በክረምት ወደ ጉማራ ወንዝ እንዴት እንደሚወጡ ይነግሩናል፤ እርስዎ ከውስጥ "ጄኔሬተር የሚያስነሳ ሰው የለም?" ይላሉ። ስንት ነገር የተማርኩት መብራት በጠፋበት ሰዓት ነው። እዚህ ላብ ውስጥ መብራት አይጠፋም። ሰውም በረንዳ ላይ አይገናኝም።

በደብዳቤዎ መጨረሻ ስለጠየቁኝ ነገር በሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፍልዎታለሁ። አሉ፤ አይስጉ።

ልጅዎ አሻግሬ


ባሕር ዳር
ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአሻግሬ፣

ፅዮንን ሳምልኝ። የላከችልኝ የጉልበት ቅባት ጥሩ ነው፤ ሽታው ግን ጎረቤት ያስጠራል። እዚህ ስላለው ሁኔታ በሰው ደጋግመህ አስጠይቀሃል። ደህና ነን። የእህቴ ልጅ ህይወት አብራኝ ስላለች ብቻዬን አይደለሁም። ከዚህ በላይ አትጠይቀኝ።

"ጸ"ህን አይቻለሁ። አንዱን ብቻ አርሜ ሌላውን ተውኩት።

በረንዳውን ስላስታወስከው ደስ ብሎኛል፤ ግን አሳምረኸዋል። መብራት ሲጠፋ አንተ ውጭ ወሬ ስትሰማ እኔ ውስጥ ሆኜ ማቀዝቀዣውን በብርድ ልብስ እጠቀልል ነበር። ሕዝቅያስ ደግሞ ብዙ የሚያወራው ሲጨንቀው ነው። የአንድ ክረምት ሥራ የቀለጠበት ቀን ስለ አምባዛ ዓሣ እያወራ ስታስቁትና ሲያስቃችሁ ዋለ፤ ቤት ገብቶ እህል አልቀመሰም። እናንተ ሳቁን ይዛችሁ ሄዳችሁ። እኔ ራቱን ከድኜ አኖርኩት።

ስለ ሁዱ ያልከው ገብቶኛል። ዕድሜዬን ሙሉ አስተምሬያለሁ፤ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ነገር አንብቦ ጠባዩን ያሳመረ ተማሪ አልገጠመኝም። መጀመሪያ ለምን እንደማይዘጉት ጠይቃቸው።

የጠየቅኩህን ግን ዘለልከው። "አይስጉ" የሚባለው የሚያሰጋ ነገር ሲኖር ነው። ስለዚህ ደግሜ በግልጽ እጽፋለሁ። ሕዝቅያስ ለፕሮፌሰር ሆሎዌይ የላከው የዓሣ ሥጋ፣ አንተ መረቡን የጎተትክበት፣ እኔ በእያንዳንዱ ብልቃጥ ላይ በእጄ የጻፍኩበት፣ ዛሬም እዚያ በረዶ ውስጥ አለ ወይስ የለም? ካለ ማን ይጠብቀዋል? ሆሎዌይ ጡረታ ወጣ ብለኸኝ ነበር።

አባይነሽ


ዩለስ
ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2024

ለእትዬ አባይነሽ፣

ምክርዎን ተቀብዬ ቢጫዎቹን ወረቀቶች ነቅዬ ጣልኩ። በየላቡ እየዞርኩ መጠየቅ ጀመርኩ። የማድረቂያው ምድጃ ቀንና ሌሊት የሚነድደው ጠዋት ቀድሞ የሚገባው ሰው እስኪሞቅ መጠበቅ ስለሚሰለቸው ኖሯል፤ በሰዓቱ ራሱ የሚበራ መቆጣጠሪያ ገጠምንለት። አንደኛው ላብ ሁዱን የማይዘጋው መስታወቱ ስለሚከብድ ነበር። ተማሪዎቹ እጃቸው እየዛለ ዝም ብለዋል፤ እኔ ደግሞ ሰነፎች ናቸው ብዬ አምቻቸው ነበር። ተጠገነ፣ አሁን በአንድ ጣት ይወርዳል።

የሚቀጥለው ፍሪዘሮቹ ናቸው። ከዜሮ በታች ሰማንያ ዲግሪ የሚይዙት ፍሪዘሮች እያንዳንዳቸው የአንድ ቤት ያህል ኤሌክትሪክ ይበላሉ። ውስጣቸው ያለውን ግማሹን ባለቤቱም አያውቀውም፤ ተመርቆ የሄደ ተማሪ ጥሎት የሄደ ነው። ስለዚህ በኤፕሪል እያንዳንዱ ላብ ፍሪዘሩን እንዲያጸዳ፣ የማያስፈልገውን እንዲጥል፣ የቀረውን ከጎረቤቱ ጋር አጋርቶ ትርፉን ፍሪዘር እንዲያጠፋ ጠይቄያለሁ። ሰማንያ የነበረውን ወደ ሰባ ብናደርገው ለአብዛኛው ነገር እንደማይጎዳም አሳየኋቸው።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። የዶክተር ሕዝቅያስ ዓሦች አሉ። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ በሆሎዌይ አሮጌ ፍሪዘር ውስጥ ናቸው። ፕሮፌሰሩ ኮሎራዶ ልጃቸው ጋ ሲገቡ ቁልፉን ለእኔ ሰጥተውኝ ሄዱ። በሩን በከፈትኩ ቁጥር መጀመሪያ የማየው የእርስዎን እጅ ጽሕፈት ነው። ያ አንገቱን ቀና የሚያደርገው "ሐ"ዎ ብርድ ውስጥ ሆኖ እንኳ አልጎበጠም።

ዝም ያልኩበት ምክንያት ይህ ነው። ከሕንፃው ሁሉ አሮጌውና ብዙ የሚበላው ፍሪዘር እሱ ነው። ኤልሮኢ የምትባል እዚሁ ዳላስ የተወለደች የአገራችን ሰዎች ልጅ ለዶክትሬት እዚህ ትማራለች። በስብሰባው መሐል እጇን አውጥታ፣ "ጋሽ አሻግሬ፣ የእኛን አጥፉ ትላለህ። ያ ኮሪደር ላይ ያለው የማን ነው? ማለቴ፣ ለምን እሱ አይጠፋም?" አለችኝ። አንቱታ ገና አልገባትም፤ ጥያቄዋ ግን የገባት ነው። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። "እሱን አየዋለሁ" ብዬ አለፍኩ።

እትዬ፣ ያለ እርስዎ ፈቃድ አልነካውም። ግን ምን ላድርግ?

አሻግሬ


ባሕር ዳር
መጋቢት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአሻግሬ፣

አታጥፋው።

ይህን ብዬ ላበቃ ነበር፤ ህይወት "እትዬ፣ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ውቅያኖስ ተሻግሮ አይላክም" ስላለችኝ እጨምራለሁ። እዚህ የነበረው የሕዝቅያስ ሥራ ምን እንደሆነ ታውቃለህ። ቤተ ሙከራው ከቦታ ቦታ ሲዛወር ጠርሙሱ ተሰበረ፣ አልኮሉ ደረቀ፣ የቀረውን የት እንደጣሉት አልጠየቅኩም። ቢሮውን ዘማርያም ለሚባል ወጣት መምህር ሰጥተውታል። ልጁ ቤቴ ድረስ መጥቶ በተደጋጋሚ በር አንኳኳ። አልከፈትኩለትም። ወንበሩ ላይ መቀመጡ ይበቃዋል።

አንተ ወንዙ አፍ ላይ የነበርንበትን ክረምት ታስታውሳለህ? ዝናቡ ድንኳኑን ይዞት ሲሄድ ሕዝቅያስ ልብሱን ትቶ የብልቃጦቹን ሣጥን አቅፎ ሮጠ። ሸሚዙን በማግስቱ አንዱ ዓሣ አጥማጅ ለብሶት አገኘነው። ቀለሙ የማይለቅ እስክርቢቶ አንድ ብቻ ስለነበረን እኔ ጡቴ ሥር ደብቄ እያሞቅኩ ነበር የምጽፈው። በዚያ ዓመት መረብ ሙሉ ይወጣ የነበረ ነጭ ዓሣ ዛሬ ገበያ ላይ ፈልጌ አጣለሁ። ሻጮቹ ሴቶች "እትዬ፣ ያንን የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት" ይሉኛል።

እናም አንተ የቴክሳስ መብራት በዛ ብለህ እሱን ልታጠፋ ነው። ያ ሁሉ የአየር ማረፊያ፣ ያ ሁሉ መንገድ፣ ያ ሁሉ ሱቅ ሲበራ ያድራል፤ ጥፋቱ የሕዝቅያስ ዓሣ ሆነ?

ቃል ግባልኝ።

አባይነሽ


ዩለስ
ሜይ 12 ቀን 2024

ለእትዬ አባይነሽ፣

ቃል ገብቻለሁ። አይጠፋም።

እስክርቢቶውን እያሞቁ ብልቃጦቹ ላይ ሲጽፉ አስታውሳለሁ። እኔ ግን እጅዎ የሚንቀጠቀጠው ከብርድ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ወንዙ ሲሞላ ይፈሩ እንደነበር ዶክተር በኋላ ነገሩኝ። "አባይነሽ መዋኘት አትችልም፤ እንዳትነግራት፣ እንደማውቅ አታውቅም" ብለውኝ ነበር።

የጽዳቱ ሳምንት ካሰብኩት በላይ ሄደ። ሰዎቹ ጓንት አድርገው፣ ሙዚቃ ከፍተው፣ እንደ ሠርግ ቤት ተረዳድተው ሠሩት። ከበረዶው ሥር የወጣው ነገር ጉድ ነው፤ የአንዱ ተማሪ የሰርፕራይዝ ኬክ ቁራሽ ሳይቀር። አንዷ ሴት ፕሮፌሰር የሞተ ተማሪዋ የጻፈበትን ብልቃጥ አግኝታ ይዛው ቆመች። ማንም ጣዪው አላላትም። ብዙ ፍሪዘር ጠፋ፣ ብዙ መደርደሪያም ባዶ ሆነ። ኮሪደሩ ጸጥ ከማለቱ የተነሳ አሁን የሚሰማው የሆሎዌይ ፍሪዘር ብቻ ነው። ኤልሮኢ በአጠገቡ ባለፈች ቁጥር ታየኛለች እንጂ ሁለተኛ አልጠየቀችኝም።

ዓሦቹ የማንና ከየት እንደሆኑ ግን ነገርኳት። ሰምታኝ ስታበቃ፣ "አያቴ ከዚያ ነው የመጣችው" አለች። ከየት እንደሆነ በትክክል አታውቀውም፤ "ውሃ ያለበት" ብቻ ነው የሚሏት።

አሻግሬ


ባሕር ዳር
ሐምሌ 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአሻግሬ፣

ኢንተርኔቱ ተመልሷል። ህይወት በቴሌግራም ጻፈችልህ፣ አይተኸዋል፣ አልመለስክም። ደወለች፣ አላነሳህም። ፅዮንን ስታገኛት "ደህና ነው፣ ሥራ በዝቶበት ነው" አለቻት፤ ያልተጠየቀችውን "አልታመመም" ጨመረችበት።

የተበላሸውን ነገር ንገረኝ። ወረቀት ላይ ጽፈህ ፎቶውን ብትልክ እመርጣለሁ፤ ህይወት ከስልኳ ታነብልኛለች። ዓይኔ እያስቸገረኝ ነው፤ እስካሁን ያልነገርኩህ እንዳትጨነቅ ብዬ ነው። አየህ፣ እኔም እደብቃለሁ።

ሕዝቅያስ መዋኘት እንደማልችል ማወቁን አላውቅም ነበር። ስለዚህ ነው ለካ ከእኔ በፊት ታንኳ ላይ ወጥቶ እጁን የሚዘረጋልኝ። እኔ ትሕትና ነው ብዬ ነበር።

አባይነሽ


ዩለስ
ኦገስት 18 ቀን 2024

ለእትዬ አባይነሽ፣

ስልኩን ያላነሳሁት ድምፅዎን ሰምቼ መናገር ስላልቻልኩ ነው። ፍሪዘሩ ሞተ።

ጁላይ ውስጥ፣ እሑድ ቀን ነበር። ቅዳሴ ላይ ቆሜ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ደጋግሞ ነዘረ። ወጥቼ ባነሳው ኤልሮኢ ናት፤ "ጋሽ አሻግሬ፣ ያ አሮጌው ፍሪዘር እያለቀሰ ነው" አለችኝ። ማንቂያውን ማለቷ ነው። ነጠላዬን እንደለበስኩ በ183 መንገድ በረርኩ። ውጭው አስፋልት የሚያቀልጥ ነበር፤ በነጠላ ሮጬ ላብ ስገባ የጥበቃ ሠራተኛው ቄስ መስዬው ከመቀመጫው ተነሣ።

ኮምፕሬሰሩ ተቃጥሏል። ስደርስ ኤልሮኢ ብቻዋን አልነበረችም። ላብ ውስጥ ያገኘቻቸውን ሁሉ ጠርታ በየጋሪው በረዶ ሞልተው እየጠበቁኝ ነበር፤ ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ወዴት እንውሰደው ብዬ ሳስብ አንዱ "የእኛ ሁለተኛው መደርደሪያ ባዶ ነው" አለ፤ ሌላዋ "እኛም ቦታ አለን" አለች። በኤፕሪል ያስለቀቅነው ቦታ ነው። ፍሪዘሮቹ እንደ ድሮው ጢም ብለው ቢሆኑ ኖሮ በዚያ እሑድ አንድም ሣጥን የሚገባበት ባልነበረ። የማያውቋቸውን ዓሦች እንደ ሕፃን አቅፈው በኮሪደሩ ሲሮጡ ሳይ ነጠላዬን አፌ ላይ ያዝኩ።

የላይኛውን መደርደሪያ ግን አልደረስንበትም። ሙቀቱ የጀመረው ከላይ ነው። ከጎርጎራ በኩል የሰበሰብነው ቀልጧል። ከቀለጠው የሚጠቅም ነገር ይገኝ እንደሆነ ኤልሮኢ ቀናትን ሙሉ ሞከረች፤ አልሆነም። ቃሌን አልጠበቅኩም፣ እትዬ። ልጠብቀው የምችለው ቃልም አልነበረም፤ የብረት ሣጥን ዕድሜ አለው።

የተረፈው በሰው መደርደሪያ ላይ በእንግድነት ነው። ኤልሮኢ አንድ ሐሳብ አላት። ከዓሦቹ ሥጋ ዲኤንኤውን አውጥቶ ልዩ ወረቀት ላይ ጠብ አድርጎ ማድረቅ ይቻላል። ከደረቀ በኋላ ፍሪዘርም ኤሌክትሪክም አይፈልግም፤ መሳቢያ ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል፣ በፖስታም ይላካል። የቀረው ሥጋ ወደ አልኮል ይገባል። አለቃዬ ተስማምታለች። ሆሎዌይንም ጠየቅኳቸው፤ "አባይነሽ የምትለው ይሁን" አሉ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያ ዘማርያም ያሉኝ ልጅ ምን ፈልጎ ነው የሚያንኳኳው? ጠይቀውት ያውቃሉ?

አሻግሬ


ባሕር ዳር
ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአሻግሬ ልጄ፣

ህይወት ደብዳቤህን ስታነብልኝ ጎርጎራ ላይ ስትደርስ ቆመች። ቀጥይ አልኳት። ሲያልቅ ወጥቼ ጓሮ ትንሽ ተቀመጥኩ። እንዳለቅስ ጠብቃ ነበር፤ አላለቀስኩም። የጎርጎራውን ጉዞ ላስታውሰው ሞከርኩ፤ አንድ ጥቁር ውሻ ከታንኳ ወደ ታንኳ እየዘለለ ሲከተለን፣ አንተ ፀሐይ መትቶህ ሲያስመልስህ፣ ሕዝቅያስ በባርኔጣው ውሃ ሲያፈስብህ። ሁሉም አለ። ለካ ይህን የሚይዘው ፍሪዘሩ አልነበረም። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ።

አንተ በቃልህ አትዘን። እንዲህ ያለ ቃል ያስገባሁህ እኔ ነኝ፤ አንተን ከባልደረቦችህ ፊት አቁሜህ ከርሜአለሁ። ያችን ልጅ አመስግንልኝ። አያቷ የት እንደተወለዱ ጠይቂ በላት፤ ሳይረፍድ።

ዘማርያምን በሚመለከት ጥያቄህ አናዶኝ ነበር። የእኔኑ ምክር መልሰህ ለእኔ ነው የሰጠኸኝ። ህይወትን ልኬ አስጠራሁት። እጁን ወደ ኋላ አድርጎ በር ላይ ቆመ፤ ግባ እስክለው አልገባም። ለምን ሳይከፍቱልኝ ሲያመላልሱኝ ከረሙ ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አላለም። "ከሐይቁ የትኞቹ እየጠፉ እንደሆነ ነው የማጠናው። የዛሬዎቹ በእጄ አሉ፤ የድሮዎቹን ግን የማነጻጽርበት የለኝም። የዶክተር ሕዝቅያስን ጽሑፍ አንብቤ ነው የመጣሁት" አለኝ። የሕዝቅያስን ቢሮ ለምን እንደመረጠ ጠየቅኩት። እንዳልመረጠው፣ ያንን ክፍል ሌላ ሰው ያልፈለገው ጣሪያው ስለሚያፈስ መሆኑን ነገረኝ። ያፈስ እንደነበር እኔም ረስቼው ነበር። ከባልዲው ጋር ስንት ዓመት ኖረናል።

ስለዚህ ይድረቁ። አንዱን ቅጂ እዚያው አስቀሩት፣ አንዱን ለዘማርያም ላኩለት። እዚህ መብራቱ እንደምታውቀው ነው፤ ብርድ የማይፈልግ ነገር ነው የሚሆነን።

አባይነሽ


ዩለስ
ጃኑዋሪ 19 ቀን 2025

ለእትዬ አባይነሽ፣

እንኳን ለጥምቀት አደረሰዎ። ወረቀቶቹን ይርጉ ይዞልዎት ይመጣል፤ በዚህ ጊዜ ከበርበሬ ጋር እንዳይገናኙ በመመለሻው ብቻ እንዲገዛ አስጠንቅቄዋለሁ። ፈቃዱና ማኅተሙ ሁሉ ከውስጥ አለ። የእያንዳንዱን ብልቃጥ ጽሑፍ ኤልሮኢ ወረቀቱ ላይ ገልብጣዋለች። አማርኛ መጻፍ አትችልም ነበር፤ የእርስዎን ፊደል እያየች ነው የጻፈችው። ስለዚህ አንገቱን ቀና ያደረገ "ሐ" ካዩ የእሷ ነው።

አሮጌውን ፍሪዘር ባለፈው ሳምንት ሰዎች መጥተው ወሰዱት። ሶኬቱን የነቀልኩት እኔ ነኝ፤ ባዶውን ለመንቀል እንኳ እጄ ትንሽ ዘገየ። የቆመበት ቦታ ላይ ተማሪዎቹ ሁለት ወንበር አምጥተው አስቀምጠዋል። ላቡ ውስጥ ምግብ ይዞ መቀመጥ ክልክል ስለሆነ ምሳቸውን እዚያ ይበላሉ። ትናንት ኤልሮኢና ያ የስልክ ቁጥር የጻፈብኝ ልጅ ተቀምጠው ሲከራከሩ አልፌአቸው ልሄድ ነበር። "ጋሽ አሻግሬ፣ ቁጭ በሉ" አለችኝ። "በሉ" ነው ያለችው። ቁጭ አልኩ።

አለቃዬ የሌሎች ሕንፃዎችንም ላብ እንድዞር ጠይቃኛለች። እዞራለሁ። አሁን የምጀምረው በመጠየቅ ነው።

ስለ ዓይንዎ ሐኪሙ ምን አለ? ይህንን እንዳይዘሉብኝ።

አሻግሬ


ባሕር ዳር
መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአሻግሬ ልጄ፣

ሐኪሙ አንዱን ዓይን ከፋሲካ በኋላ በቀዶ ጥገና እናክማለን ብሏል። ሌላኛው ይበቃኛል። ዘለልኩት አትበል።

ወረቀቶቹ በደህና ደርሰዋል። ዘማርያም እጁን ታጥቦ፣ አልጠራልኝም ብሎ እንደገና ታጥቦ ነው የከፈታቸው። ጠረጴዛዬ ላይ ደርድሮ አንድ በአንድ ሲያነብልኝ ዋለ። የኤልሮኢ ፊደል ከእኔ ይልቅ ያምራል፤ ንገራት። አንዱ ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። "ከዋርካው ፊት ለፊት" ይላል፣ ሌላ ምንም የለውም። "የትኛው ዋርካ ነው? ቦታውን ካላወቅኩ መረቡን እዚያው መጣል አልችልም፤ እዚያው ካልጣልኩ ደግሞ ማነጻጸሩ አይረባኝም" አለኝ። ዋርካው ከተቆረጠ ቆይቷል። ያኔ ዋርካ ይቆረጣል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረምና ሕዝቅያስም እኔም ሌላ ምልክት አልጻፍንም።

ና ላሳይህ አልኩት።

ህይወት ጮኸችብኝ። ጉልበቴን፣ ዓይኔን፣ ንፋሱን ሁሉ ቆጠረችልኝ። ሕዝቅያስ ካረፈ ወዲህ ውሃ ላይ ወጥቼ እንደማላውቅ ግን አላነሳችም፤ እሱን ትታልኛለች። ማለዳ ሸምሱ የሚባል ባለጀልባ ይዞን ወጣ። ዘማርያም ቀድሞ ገባና ዞሮ እጁን ዘረጋልኝ። ማንም አልነገረውም። ያዝኩት።

ዳርቻው ሌላ አገር ሆኗል። እምቦጩ አንዳንድ ቦታ ውሃውን እንደ ሣር ሜዳ አልብሶታል፤ የማላውቀው ሕንፃ በቅሎበታል። በዚህ በማይረባ ዓይኔ ምን አያለሁ ብዬ ፈርቼ ነበር። ደሴቱ ግን ደሴት ነው፣ ኮረብታውም ኮረብታ። ቀኝ እጄን ወደ ደሴቱ ጫፍ፣ ግራዬን ወደ ኮረብታው አንገት ዘርግቼ ሸምሱን ወደፊት፣ ትንሽ ወደኋላ፣ እንደገና ወደፊት አስኬድኩት። ሁለቱ እጆቼ ሕዝቅያስ ያስተማረኝን ያህል ሲከፈቱ "እዚህ ነው" አልኩ።

ዘማርያም ቦታውን በስልኩ መዘገበ። መረቡን ሊጥል ሲል እጁን ያዝኩትና ሸምሱን ሞተሩን እንዲያጠፋ ነገርኩት። አጠፋው። ውሃው የጀልባውን ሆድ ሲነካ ይሰማ ጀመር። ሩቅ የሆነ ቦታ ሰው ሲሳሳቅ ይሰማል፤ ድሮም እንዲሁ ነበር፣ የሳቁት እነማን እንደሆኑ አናውቅም።

"እትዬ፣ ምን እየጠበቅን ነው?" አለኝ ቀስ ብሎ።

"ምንም" አልኩት። "ትንሽ እንቀመጥ።"

ተቀመጠ። ሌላ አልጠየቀኝም። ጥሩ ልጅ ነው፣ አሻግሬ።

አባይነሽ